የፖስታ ሳጥኑ ቀይ ባንዲራ

እኛ ካንሳስ ገጠር ደብዳቤ የሚልክ ሰው ደጁ ባለው የፖስታ ሳጥን ውስጥ ይከትና በጎኑ ያለችውን ቀይ ባንዲራ ያቆማል። ፖስተኛው አይቷት ደብዳቤውን ይወስድና ባንዲራዋን ያወርዳታል። እኔ ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ መጻሕፍታችን አዛውንቶችን ስለ ጤና መድን በነጻ አማክራለሁ። እንደዚያ ቀን ግን ባንዲራ ፈርቼ አላውቅም።

የሰባ አንድ ዓመቱ ጎረቤቴ ኦርቪል እየሳቀ ገባ።

«ላቮን፣ ዘንድሮስ ብልጥ ሆኛለሁ! መንግሥት የማይከፍለውን የሚሸፍንልኝን ተጨማሪ መድን ልቀይረው ነው። አዲሶቹ ስልክ ደውለው ነው ያገኙኝ፤ ርካሽ ነው።»

«ተቀብለውሃል?»

«ማመልከቻውን ሞልቻለሁ፤ ምን ቀረ?»

«አሮጌውስ?»

«መሰረዣ ደብዳቤውን ጠዋት ሳጥን ውስጥ ከትቼ ባንዲራዋን አቆምኳት። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም!»

ክው አልኩ።

«አንተ ሰውዬ! ስለ ጤናህ ሳይጠይቁ የሚቀበሉህ ስልሳ አምስት ሲሞላህ በነበረው ስድስት ወር ነው፤ እሱ አልፏል። አሁን በግዛታችን ደንብ ጠይቀው እምቢ ሊሉህ ይችላሉ። የልብ ኪኒንህን ጽፈሃል?»

ሳቁ ጠፋ። «ጽፌያለሁ። ታዲያ ልዋሽ?»

«እምቢ ካሉህ፣ የሰረዝከውም መልሶ ላይቀበልህ ይችላል።»

ፊቱ አመድ መሰለ። «ፖስተኛው አምስት ሰዓት ላይ ያልፋል» አለ። ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነበር።

በእሱ መኪና አብረን ወጣን። «ልቤ እንዳምና ቢይዘኝስ? እርሻውን ሸጬ ሚስቴን ኔልዳን ሜዳ ላይ ልጥላት ነው?» እያለ ደጋገመው። እኔም ፈርቼ ነበር።

ስንደርስ ባንዲራዋ ወርዳለች። ኦርቪል ባዶውን ሳጥን በእጁ ዳበሰውና መንገድ ዳር ዘፍ አለ።

ሚስቱ ኔልዳ ደብዳቤውን ይዛ ከቤት ወጣች።

«እኔ ነኝ ያወረድኳት» አለች። «አዲሶቹ ተቀብለናችኋል ሳይሉ አሮጌውን መጣል አስፈራኝ። ትናንት ብነግርህ ‹አንቺ ምን ታውቂያለሽ› አልከኝ።»

«የማላውቀውስ እኔ ነኝ» አለና ደብዳቤውን ቀደደው። ዕንባውን አልደበቀም።

በሁለተኛው ሳምንት አዲሱ ድርጅት «አንቀበልም» ብሎ ጻፈለት።

ወገኖቼ፣ የተቀባይነት ደብዳቤው እጃችሁ ሳይገባ አሮጌውን መድን አትሰርዙ፤ የቤታችሁንም ሰው ስጋት አትናቁ። ዛሬ ኦርቪል ማክሰኞ ማክሰኞ ከጎኔ ይቀመጣል። ሰው ገና በሩን ሲከፍት ይጠይቃል፦

«ባንዲራዋን አቁመሃል እንዴ?»