የምኞት ቤት

«መብራቱ ብልጭ ብልጭ እያለ ነው፤ ሳይጠፋ ሴቭ አድርጊልኝ» አለች ቢሊሱማ፣ ወንበሯን ወደ ምኞት እያስጠጋች።

የምኞት ዓይን ስክሪኑ ላይ ተተክሎ ቀርቷል። ጎኗ የተቀመጠችው ልጅ ሰሞኑን አንገቷን ደፍታ ስትነካካው የከረመችውን ነገር በደንብ ማየቷ ገና አሁን ነው። ትንሽ ቤት ናት። ቆርቆሮዋ ብዙ ክረምት የወረደበት ይመስላል፤ በረንዳዋ ላይ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል፤ ከኋላዋ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። ዛፉ ላይ፣ ከፍ ብሎ፣ ቅርንጫፍ ተንተርሶ የተጋደመ የንብ ቀፎ አለ። ቢሊሱማ ቀፎውን የሠራችው ከጌሙ የግንድ ብሎኬት ነው። ግንዱን አጋደመችውና አፉን በጥቁር ነገር ደፈነችው፤ በቃ፣ ቀፎ ሆነ። ምኞት ይህን ጌም ስትጫወት ስንት ጊዜዋ፤ ግንድ አጋድሞ ሌላ ነገር ማድረግ ይቻላል ብላ አስባ አታውቅም።

ምኞት ራሷ የሠራችው ሆቴል እዚያው ስክሪኑ ዳር ላይ ይታያል። ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። ትናንት ቀሽት ይመስላት ነበር። አሁን ስታየው የተደፋ ብርጭቆ መሰላት።

ነገሩ የመጣው ከመምህራቸው ከቲቸር ገዛኸኝ ነው። የእነሱ የሮቤው የኮምፒውተር ክበብ እና የጎባው ክበብ በብሎኬት ጌሙ ውስጥ አንድ ከተማ እንዲሠሩ ተስማሙ። አንድ ልጅ ቤት ይሠራል፤ ከዚያ የቤቱን አንዱን ጥግ፣ ቀጥሎ ከማዶ ያለውን ጥግ ምልክት ያደርግና ንድፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ንድፉ በቴሌግራም ይላካል፤ የተላከለት ልጅ ቤቱን እንዳለ በራሱ መሬት ላይ ያቆመዋል። የጎባ ልጆች ከሮቤ ከመጡት ንድፎች አንዱን መርጠው አደባባያቸው ላይ ሊያቆሙ ነው። የተመረጠለት ተማሪ ደግሞ ቅዳሜ ጎባ ሄዶ፣ እነሱ ፊት ቆሞ፣ እንዴት እንደሠራው ያሳያል። የሚጠራው አንድ ተማሪ ብቻ ነው። ያ ተማሪ ማን እንደሚሆን በክበቡ ውስጥ የሚጠራጠር አልነበረም። ምኞትም አልተጠራጠረችም።

ቢሊሱማ ከአንገቱ ከተማ መጥታ አክስቷ ዘንድ እስክትቀመጥ ድረስ ማለት ነው። ልጅቷ እዚህ ከመምጣቷ በፊት ኮምፒውተር ነክታ አታውቅም። ቲቸር ገዛኸኝ ምኞት ጎን አስቀመጧትና «አስተምሪያት» አሉ። ምኞትም አስተማረቻት። ታዲያ አንድ ቀን ሰይዳ በጌሙ የሠራችው ጣሪያ ተንሻፎ አልስተካከል ሲላት፣ ይህቺ ገና መጤ ልጅ ሄዳ አስተካከለችላት። ከዚያ ወዲህ ሰይዳ ሥራዋ «ቢሊ ነይ እስቲ፣ ቢሊ ይሄን እይልኝ» ሆነ። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከምኞት ጋር አንድ ዴስክ ላይ ያደገችው ሰይዳ። «ቢሊ» ባለች ቁጥር ምኞት ጥርሷ መሀል አሸዋ የገባ ይመስላት ነበር።

«ምኞት፣ መብራቱ» አለች ቢሊሱማ።

ምኞት አይጧን ያዘች። አንዱን ጥግ ነካች፤ ዛፉም እንዲገባ ርቃ ሄዳ ሌላውን ጥግ ነካች። የስም ሳጥኑ ተከፈተ። በክበቡ ልማድ ንድፍ የሚቀመጠው በሠሪው ስም ነው፤ «ለሚ» የተባለው የለሚ ነው፣ «ሰይዳ» የተባለው የሰይዳ። ኮምፒውተሩ የተከፈተው በምኞት ስም ስለነበር ሳጥኑ ራሱ ቀድሞ «ምኞት» ብሎ ጻፈ። ማጥፋት ነበረባት። ጣቷ ማጥፊያው ላይ ደርሶ ነበር። መብራቱ እንደገና ብልጭ አለ፤ እሷም ተጫነች። የተጫነችው ግን ማስቀመጫውን ነው።

መብራቱ አልጠፋም።

«ምኞት» ብላ አነበበች ቢሊሱማ፣ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ።

የምኞት ጆሮዎች ጋሉ።

«ስም አወጣሽለት እንዴ?» አለች ቢሊሱማ።

«እ?»

«ለቤቱ። በኛ በኦሮምኛ ሃዊ ማለት ነው አይደል፣ ምኞት ማለት? እኔ እኮ ቤት ስም ይወጣለታል ብዬ አላሰብኩም። አንገቱ ያለው ቤታችን ነው። ትምህርት ሲዘጋ እሄዳለሁ እያልኩ ሁሌ የምመኘው። እንዴት አወቅሽ ግን?» እጇን ያዝ አደረገቻት። «ገለቶሚ። በጣም ነው የማመሰግንሽ።»

«ምንም አይደል» አለች ምኞት።

ከአፏ አንዲት የውሸት ቃል አልወጣም። ወደ ቤቷ ስትሄድ ለራሷ ያለችው ይህንኑ ነው። ደጋግማ አለችው።

ሐሙስ ዕለት ቲቸር ገዛኸኝ ስልካቸውን ከፍ አድርገው እየሳቁ ገቡ። «የጎባ ልጆች መርጠዋል» አሉ። «የምኞት ቤት።»

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ለሚ ከኋላ መጥቶ ወንበሯን ነቀነቀው። «አቦ፣ ከሆቴል ወደ ጫካ ገባሽ እንዴ? ቀፎዋ ግን ታሪክ ናት። ማር ልትሸጭልን ነው?»

ሰይዳ ሮጣ አንገቷን አቀፈቻት። «ደባቂ። ለኔ እንኳ ሳታሳዪኝ? እኔ እኮ አንቺ ከመስታወት ሌላ ነገር አትወጂም እል ነበር።»

ምኞት የሰይዳ ክንድ አንገቷ ላይ ሲጠመጠም ዓይኗን ጨፈነች። ስንት ቀን የናፈቃት ይኸው ነው። ስትገልጥ ከሰይዳ ትከሻ በላይ ቢሊሱማን አየቻት። ከሁሉ አብልጣ የምታጨበጭበው እሷ ናት። «የምኞት ቤት» ሲባል ሌሎቹ የሰሙት የሰው ስም ነው፤ ቢሊሱማ የሰማችው የቤቷን ስም ነው።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ምኞት የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ ተሰጥቷት ብቻዋን ገባች። ጎባ ላይ «እንዴት ሠራሽው?» ብለው ሲጠይቋት የምታሳየው ነገር ያስፈልጋታል። ግንዱን አጋደመች። በርሜል መሰለ። አፍርሳ እንደገና ሠራች፤ ከዛፉ የወደቀ ነገር መሰለ። የቢሊሱማን ንድፍ ከፈተችና አጠገቡ አቆመችው። ያው ግንድ ነው፤ ያው ጥቁር ነገር ነው። ግን የዚያኛው ቀፎ ንብ ያለበት ይመስላል። ምኞት ያኔ ነው የገባት፤ የምትቀናው በጎባው ጉዞ አይደለም፣ በጭብጨባውም አይደለም። በቢሊሱማ እጅ ነው። ያንን እጅ ንድፍ አድርጎ ማስቀመጥ አይቻልም።

ስትወጣ ቢሊሱማ በሩ ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነበር።

«አክስቴን ነገርኳት» አለች። «መጀመሪያ እምቢ አለች። ሴት ልጅ ብቻዋን ጎባ ድረስ ምን ትሠራለች አለች። ቲቸር አብረውኝ አሉ ስላት ነው እሺ ያለችው። አዲሱን ሻርፗን አዋሰችኝ።»

ምኞት ቆማ ቀረች። «የት ልትሄጂ?»

«ጎባ ነዋ። ነገ። ሠሪዋ ትመጣለች ተብሎ የለ?» ሳቀች፣ ደግሞ ሳቋን ዋጠችው። «ሰው ፊት መናገር ግን እፈራለሁ። ስደነግጥ አማርኛው ሁሉ ይጠፋብኛል። አንቺ አትፈሪም፣ ምን ብዬ ልጀምር?»

«ትናንት ሁሉም እኔን እንኳን ደስ ያለሽ ሲለኝ ምን መሰለሽ?» አለች ምኞት።

«ስላስተማርሽኝ ነዋ። ይገባሻል።»

አሁን በይ፣ አለች ምኞት በሆዷ። አሁን። «ደውሉ ሊደወል ነው» ብላ አልፋት ሄደች።

ማታ እናቷ ወይዘሮ ወለተኢየሱስ ዩኒፎርሟን ተኩሳ በሩ ላይ ሰቅላዋለች። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። «ጎባ ልጄን ጠራት» ብላ ያልነገረችው ሰው ቢኖር ያልነቃ ሰው ነው። ምኞት እራቷን ግማሽ ትታ ተነሳች። «ደስታ ነው፣ እህል አይወርድላትም» አለች እናቷ።

ቅዳሜ ጠዋት መናኸሪያው ላይ ከሳነቴ አምባ የሚወርደው ብርድ ፊት ይልጣል። የደሎ መና አውቶቡስ ጣሪያው ላይ ዕቃ እየጫነ ነው። የጎባው ሚኒባስ ረዳት «ጎባ፣ ጎባ፣ የሞላ» እያለ ይዞራል፤ ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው። ቢሊሱማ ቀድማ ደርሳለች። ሻርፑ ትልቅ ሆኖባት ሁለት ጊዜ ጠምጥማዋለች፤ ከንፈሯ ብቻውን ይንቀሳቀሳል። የምትናገረውን እያጠናች ነው።

ምኞትን ስታያት ፊቷ በራ። «መጣሽልኝ?»

ምኞት ሳትመልስላት ቲቸር ገዛኸኝ እጃቸውን እያፋተጉ ደረሱ። ምኞትን በዩኒፎርሟ አይተው ፈገግ አሉ፤ ወደ ቢሊሱማም ዞሩ። «አንቺ ደግሞ በዚህ ብርድ ልትሸኚያት መጣሽ? ጎበዝ ጓደኛ ነሽ።»

ቢሊሱማ መጀመሪያ አልገባትም። መምህሩን አየች፣ ምኞትን አየች። ከዚያ የምኞትን የተተኮሰ ዩኒፎርም አየች። ከንፈሯ መንቀሳቀሱን አቆመ።

ምኞት ዝም ብትል ነገሩ በዚሁ ያልቅ ነበር። ቢሊሱማ መምህር ፊት አትከራከርም። አማርኛዋ ይጠፋባታል።

«ልሸኛት የመጣሁት እኔ ነኝ» አለች ምኞት።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ቤቱ የሷ ነው፣ ቲቸር። ከነዛፉ፣ ከነቀፎው። ሴቭ ሳደርገው የገባው የኔ ስም ነው።» ምራቋን ዋጠች። «አይቼዋለሁ። አይቼ ነው የተውኩት።»

መምህሩ ሊቆጡ አሰቡና ረዳቱ በሩን ይዞ ሲጠብቃቸው ተዉት። «ሰኞ እንነጋገራለን» አሉ። «ቢሊሱማ፣ ግቢ።»

ቢሊሱማ ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። «ስም አላወጣሽለትም ማለት ነው» አለች፣ ቀስ ብላ።

«አላወጣሁለትም።»

ቢሊሱማ ገብታ መስኮቱ ጋ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ፊት መለሰች። ምኞት መስታወቱን በጣቷ አንኳኳች። አንዴ። ደግማ። ቢሊሱማ መስኮቱን በትንሹ ከፈተች፤ ግን አላየቻትም።

«ቤቱን ስታቆሚው ከበሩ ፊት ለፊት ቁሚ» አለች ምኞት። «ዞረሽ ካቆምሽው ዛፉ መንገዱ ላይ ይወጣል። ደግሞ እንደ አዲስ አስቀምጪው። ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ስም መጀመሪያ አጥፊው፣ ሁሉንም። ከዚያ የፈለግሽውን ጻፊ።»

ቢሊሱማ ሳታያት ራሷን ነቀነቀች። መስኮቱ ተዘጋ።

ሚኒባሱ ሞልቶ ተነሳ። ምኞት አሁንም ትቀና ነበር፤ በሻርፑም፣ በመስኮቱ ዳር ወንበርም፣ ጎባ ላይ ሊጨበጨብ ባለው ጭብጨባም ጭምር። ዩኒፎርሟ ብርድ አይከላከልም። ስልኳን አወጣች። በክበቡ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሰይዳ ጠዋት የጻፈችው አለ፦ «የኔ ጓደኛ ጎባን ልታስደንቅ ነው።» ከሥሩ ብዙ ሳቅ፣ ብዙ ልብ።

መልስ መጻፍ ጀመረችና አጠፋችው። እንዲህ ያለውን ነገር ሰይዳ ከስልክ መስማት የለባትም። ስልኳን ኪሷ ከተተች፤ ወደ ቤቷ የሚወስደውን መንገድ ትታ በሰይዳ ሰፈር በኩል ሄደች።