ፌንጣ የዘረጋችው ቱቦ

«ውሃው ቆመ እኮ! ቧንቧውን ዘጋሽው እንዴ?» ስትል እናቷ ከጓሮ ጮኸች።

ፌንጣ ምንም አልዘጋችም። ዛሬ የአያቷ መኪና ከተነሳች በኋላ ጎረቤት ሁሉ ለቡና ሊመጣ ስለሆነ ማንም እንዳይደናቀፍ ብላ፣ መሬት ላይ ተጋድሞ የነበረውን ቱቦ አንስታ በበሩ ጉበን ላይ አሳልፋዋለች። ጣራ ላይ ካለው በርሜል የሚወርደው ውሃ ቀድሞም ጉልበት የለውም። ቱቦው ጫፉ ላይ ፑፍ ፑፍ አለ፣ ትንሽ ተፋ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ከበሩ ላይ አውርዳ መሬት ላይ ስታስተኛው ውሃው ሳቅ እያለ መጣ።

«አየር ነው፣ እማዬ! ከፍ ያለው ቦታ ላይ አየር ታስሮ…» አለችና ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ቀረች። የመኪናዋ ቱቦ ትዝ አላት።

ከልጅነቷ ጀምሮ አንድ ቦታ ተቀምጣ ስለማታውቅ ነው ፌንጣ የሚሏት። ዘንድሮ ግን ትምህርት ከተዘጋ ጀምሮ ከአባቷ ጋራዥ ንቅንቅ አላለችም። የአያቷ አሮጌ መኪና ሞተሯ ከሞተ ቆይቷል። አባቷ ስንት የብረት ተራ ለስንት ዓመት አስሶ ያገኘላት ሞተር ደግሞ እንደ ሌላው አይደለም፤ ሮታሪ ነው። ፒስተን የለውም። ሆዱ ውስጥ ሦስት ማዕዘን ያለው ብረት ይሽከረከራል፣ በቃ። ትንሽ ነው፣ ጉልበቱ ግን ጉድ ያሰኛል። እናቷ «ሁለተኛዋ ሚስትህ» ትለዋለች፤ አባቷም አንድ ቀን አስተባብሎ አያውቅም። አንድ ክፉ አመል ግን አለው፦ ሙቀት አይችልም። አንዴ ከልክ በላይ ከጋለ ውስጡ ያሉት ማሸጊያዎች ይቃጠላሉ፤ ከዚያ በኋላ ብረት ነው፣ ለበር ማስደገፊያ ይሆናል።

የድሮዎቹ የውሃ ቱቦዎች ከአዲሱ ሞተር ጋር አልገጠሙም። ስለዚህ ከሞተሩ ውሃውን ወደሚያቀዘቅዘው ራዲያተር አዲስ መስመር መዘርጋት ነበረበት። «ይሄ ያንቺ ነው» አላት አባቷ። እሷም ሠራችው፣ አሳመረችው። አንዱን ቱቦ ወደ ላይ አንስታ፣ የኮፈኑን ጠርዝ አስከትላ፣ እንደ ቀስተ ደመና አጉብጣ አወረደችው። የማጥበቂያዎቹን ብሎኖች ሳይቀር ወደ አንድ ጎን አሰልፋቸዋለች። ከእጇ ስልክ ስለማይጠፋ ካሜራ የምትባለው ጓደኛዋ ቀርጻ ለክፍሉ ልጆች ላከችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «ኢንጂነሯ» ሆነ። ፌንጣ ደስ አላት፣ መዋሸት ምን ያደርጋል፣ በጣም ደስ አላት።

አሁን ግን ገባት። የቱቦዋ ጉብታ ውሃ ከሚሞላበት ከራዲያተሩ አፍ በላይ ነው። አየሩ እዚያ ጉብ ብሎ ይቀመጣል፣ ውሃው አያልፍም፣ ሞተሩ ይግላል።

ጋራዡ በር ላይ ካሜራን አገኘቻትና ሁሉን ነገረቻት።

«አንቺ ደግሞ!» አለች ካሜራ። «ትንሽ አየር ናት እኮ፣ ምናልባት ራሷ ትወጣለች። ቪዲዮውን ክፍሉ ሁሉ አይቶታል። አሁን ብታፈርሺው ሙድ ነው የሚይዙብሽ። ፋራ አትሁኚ!»

ምናልባት። ፌንጣም ይቺን ቃል ከቤት ጀምሮ ይዛት መጥታለች። ምናልባት ይወጣል። ባይወጣ እንኳ ማንም በእሷ አያሳብብም፤ አባቷ ራዲያተሩ አርጅቶ ነው ብሎ ራሱን ሲወቅስ ይኖራል። ይሄኛው ሐሳብ ሲመጣ ካሜራን በሩ ላይ ትታ ገባች።

ጋራዡ ውስጥ ሰው ሞልቷል። የሰፈሩ ጸጉር አስተካካይ መቀሱን ኪሱ ከትቶ መጥቷል። አያቷ ኮትና ባርኔጣ አድርገው ከማንም ቀድመው መኪናዋ ውስጥ ተቀምጠዋል፣ ቀበቷቸውን አስረው።

«ይኸው መጣች!» አለ አባቷ። «የውሃውን መስመር ብቻዋን የዘረጋችው እሷ ናት።»

አጨበጨቡላት። እዚህ ጋራዥ ውስጥ አንድ ሕግ አለ፦ የገጠመ እጅ አይፈትሽም። አባቷ የራሱን ብሎን እንኳ ያጥብቅና ከጎን ያለውን ብየዳ ሠራተኛ ጠርቶ ያስፈትሻል። የፌንጣን ቱቦ ግን ማንም አልፈተሸም። «የልጄን ሥራ ደግሞ ማን ይፈትሻል!» ብሎ ነበር፣ ደረቱን ነፍቶ።

ቁልፉን መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «አስነሺያት።»

ፌንጣ መሪው ፊት ተቀመጠች። ቁልፉን ከተተችው። አያቷ «በይ እንጂ ልጄ፣ ቀጠሮ አለብኝ» አሉ፤ ምንም ቀጠሮ የላቸውም።

እጇ ቁልፉ ላይ ቆየ። ከዚያ ነቀለችው።

«አባዬ፣ ሞተሩ መነሳት የለበትም።»

«ምነው?»

«ቱቦው አየር ይዟል። እንዲያምር ብዬ ከራዲያተሩ አፍ በላይ ነው ያሳለፍኩት። ከተነሳ ይቃጠላል።»

አባቷ በተከፈተው ኮፈን ሥር ጎንበስ ብሎ ቱቦውን በጣቱ ከታች ወደ ላይ ተከተለው። ጉብታው ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ» አለ በመጨረሻ፣ «ያፈረስኩትም እኔ።» ቀና ሲል ዓይኑ እየሳቀ ነበር። «ከጥበቡ ብዛት ሞተሬን ልትቀቅይልኝ ነበር!»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም አሉ!» ሲሉ አያቷ ከውስጥ ጮኹ፤ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ጸጉር አስተካካዩ እንባውን እየጠረገ «በሉ እኔ ግማሽ ጭንቅላት ላጭቼ ነው የመጣሁት» ብሎ ወጣ።

«አባባ፣ ይውረዱ፣ ይቆያል» አለች ፌንጣ።

«አልወርድም። እናንተ ቀስ ብላችሁ ሥሩ።»

አባቷ ወደ ካቻቢቴው እጁን ሲዘረጋ ፌንጣ ቀደመችው። ባልዲ ከሥር አስገባችና የመጀመሪያውን ማጥበቂያ ፈታች። ያ ሁሉ ያማረ ቱቦ ትከሻው እንደ ወደቀ ሰው ዝቅ አለ፤ ውሃው ባልዲውን ስቶ ጫማዋ ላይ ተደፋ።

ስትቀርጽ የነበረችው ካሜራ ስልኳን ወደ ደረቷ ሸሸገችው። «ላጥፋው አይደል?» አለች በሹክሹክታ።

ፌንጣ የራሰ እግሯን አራገፈች። አባቷን አየችው፣ ከዚያ ጓደኛዋን።

«አታጥፊው» አለች። «እንዲያውም ቀረብ በይ። ጉብታው የት እንደነበር ለክፍሉ ሁሉ በደንብ ይታይ።»