የኢስራ ቢጫ ዓይኖች

ሚፍታህ ኢስራን ያወቃት ጭሮ ውስጥ ነው። ከጭሮ ወጣ ባለችው መሰላ ከተማ የምታስተምር መምህርት ነበረች። ዝናብ ሲያባርራት ወደ ጨርቅ መሸጫ ሱቁ ገባች። ዝናቡ አባርቶም እሷ አልወጣችም፤ እሱም ደስ አለው። በዓመቱ ተጋቡ።

ባረገዘች በአምስተኛው ወር ዓይኖቿ ቢጫ ሆኑ። ገላዋን እስኪደማ ታከዋለች፤ ቀኝ ጎኗን ይወጋታል። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ትኩሳት እያንቀጠቀጣት፣ ወደ ባዶው በር አፍጥጣ ቀረች።

«ሚፍታህ፣ ይህች ሴትዮ ምን ፈልጋ ነው?»

«የቷ ሴትዮ?»

«እጇን ዘርግታ፣ ልጁን ስጪኝ ትለኛለች።»

በሩ ላይ ማንም የለም። መጋረጃው ግን፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ቀስ ብሎ ተወዛወዘ።

እናቱ ወይዘሮ ዙለይኻ «ጂን ነው፤ ቁርአን ይቀራባት» አሉ። ተቀራባት። ትኩሳቱ ግን አልበረደም። የጭሮው ሐኪም መርምሮ፣ የሐሞት ጠጠር ቱቦዋን እንደዘጋ ነገራቸውና በአምቡላንስ ወደ አዲስ አበባ ላካቸው።

ሚኤሶን አልፈው ቦርደዴ ሲቃረቡ እጁን ጨመቀችው። «ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተንቀሳቀሰም» አለች በሹክሹክታ። ሜዳው ላይ ሰውም ከብትም አይታይም። ሚፍታህ ከኋላው ሌላ ሰው የሚተነፍስ መሰለው። ዞሮ ለማየት አልደፈረም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ዶክተር አብርሆት መጀመሪያ የፅንሱን ልብ አዳመጠች።

«አለ። በትኩሳቷ የተነሳ ግን ይጣደፋል። ቀጭን ቱቦ በአፏ አስገብተን ጠጠሩን እናወጣለን። ራጁን ለአጭር ጊዜ ብቻ እንጠቀማለን፤ ፅንሱንም በተቻለን መጠን ከጨረሩ እንከልላለን። አደጋ የለውም አልልም፤ ቆሽቷ ሊቆጣ ይችላል። ብንተወው ግን ኢንፌክሽኑ ሁለቱንም ሊነጥቅህ ይችላል።»

ሚፍታህ የስምምነት ቅጹ ላይ ሳይፈርም ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። «ልጁን ቢጎዳውስ? ፈራሁ፣ ኢስራ።»

«እኔን ማጣትስ አያስፈራህም?»

እንባው ቀደመው። ብዕሩን ከእጁ ወሰደችና ራሷ ፈረመች።

በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ጭር አለ። ከበሩ ወዲያ አንድ ድምፅ በስሙ ጠራው። ሴት ናት፤ ኢስራ ግን አይደለችም። ሦስት ጊዜ ጠራችው። ጆሮውን በሁለት እጁ ደፈነ።

ዶክተሯ ጭንብሏን አውልቃ ብቅ አለች። «ጠጠሩ ወጥቷል። የፅንሱም ልብ ደህና ነው።»

በማግስቱ ትኩሳቱ ለቀቃት። ሚፍታህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አቀረቀረ።

«ያኔ ሳልፈርም የቀረሁት አንቺን ከልጁ አሳንሼ አይደለም።»

«አውቃለሁ» አለችው፣ ጸጉሩን እየዳበሰች። «ግን ሁለተኛ እንዳትፈራ አልልህም። ፍራ፤ ብቻ እየፈራህም አጠገቤ ሁን።»

ከዚያ በአራተኛው ወር ጭሮ ላይ ምጥ ሲይዛት፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ እጇን ይዞ አብሯት ማዋለጃ ክፍል ገባ።