የአመድ ለባሹ ሁለተኛ ሞት

መጀመሪያ የተሰማው ሳቅ ነበር። ከፎቁ አናት ተነስቶ በደረጃው ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል፤ ወፍራም፣ የሻከረ፣ መጨረሻው ላይ አየር እንዳጠረው ሰው ቅጭ ብሎ የሚቆረጥ ሳቅ። ያበቃል፤ ጥቂት ዝም ይልና እንደገና ይጀምራል።

«ሰው ሞቶ ማነው የሚስቀው?» አለች መርማሪዋ፣ ደረጃው ትንፋሿን እየቆራረጠው።

«ሟቹ ነው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ። ወዲያው በራሱ አነጋገር ደነገጠ። «ማለቴ፣ ድምፁ።»

ክፍሉ በመስታወት ለሁለት ተከፍሏል። ወዲህ የመቅጃ መሣሪያና ሦስት ወንበሮች፤ ወዲያ ግድግዳው በስፖንጅ የተለበጠ ጠባብ ክፍል፣ አንድ ማይክሮፎን፣ አንድ ኩባያ። ከማይክሮፎኑ ሥር አንድ ሽማግሌ በጎኑ ተኝቷል። እጁ ኮሌታውን እንደጨበጠ ቀርቷል።

«በናታችሁ ያንን ሳቅ አጥፉልኝ።»

«ምንም አትንኩ ስለተባልን ነው» አለ የጌም ድርጅቱ ባለቤት። «እሱ ከወደቀ ጀምሮ መሣሪያውን ማንም አልነካም።» ድምፅ ቀጂው፣ አንድ ቀጭን ሰው፣ ጎንበስ ብሎ ሳቁን አጠፋው። ክፍሉ ባንዴ የባሰ ከበደ።

ሟቹን በፊቱ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ድምፁን ግን ቪዲዮ ጌም የሚጫወት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ እስካሁን በወጡት የአንድ ታዋቂ ጌም ሦስት ክፍሎች መጨረሻ ላይ ተጫዋቹን የሚገጥመው ክፉ ጠንቋይ፣ ገደልኩት ሲሉት ከአመድ ውስጥ የሚነሳው አመድ ለባሹ፣ እሱ ነው። ዛሬ ሲቀዳ የነበረው የአራተኛው ክፍል ሞቱ ነበር።

ሐኪሙ አስቀድሞ መጥቶ «መርዝ ነው፤ ኩባያው ውስጥ ካለው የማር ውሃ» ብሎ ሄዷል። የማር ውሃውን ያፈላችው ደግሞ የጌሙ ታሪክ ደራሲ፣ የሟቹ የእህት ልጅ ናት። ፖሊሱ ካቴናውን በእጁ ይዟል።

«ቆይ» አለችው መርማሪዋ። ባልደረቦቿ በዚህች ቃል የተነሳ «እትዬ ቆይ» ይሏታል። «እሷን ዛሬ ይዘሃት ከወረድክ ነገ የሚያወጣት የለም። መጀመሪያ ላናግራት።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ማልቀስ እንኳ አልጀመረችም።

«ሲወድቅ አይተሽዋል?»

«ሦስታችንም አይተነዋል። ሲያጣጥር፣ እጁን ሲዘረጋልኝ... እኔ አውራ ጣቴን አንስቼ ‹ጎበዝ› አልኩት።»

«ለምን አልሮጥሽም?»

«አመድ ለባሹ ሁለት ጊዜ ነው የሚሞተው፣ እትዬ። ይወድቃል፤ ዝም ይላል፤ ከዚያ ስቆ ይነሳና እንደገና ይሞታል። ዝምታውም አብሮ ይቀዳል፤ ትንፋሹ፣ የልብሱ ኮሽታ ሳይቀር። በዚያ መሃል ያስነጠሰ ሰው ወዮለት! አፌን ይዤ ጠበቅኩ። ሲረዝም ‹ዛሬስ እንዴት አሳመረው› ብዬ ነበር። በኋላ ሳቁ መጣ፤ ተነሳ ብዬ ሳየው ከንፈሩ አይንቀሳቀስም።»

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«ትናንት። ጠንቋዩን በዚህኛው የጌም ክፍል ጨርሼ ልግደለው ስለው ‹ገና መች ሳቅኩና! ዘንድሮ በራሴ ሳቅ ነው የምነሳው› አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።»

ባለቤቱ ግን ገብቶታል። ጥያቄውን ሲሰማ ላቡን በመዳፉ ጠረገ።

«ነፍሱን ይማርና፣ ሲስቅ እንደ ፍየል ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጊዜ ሌላ ሰው ሳቀለት፤ እስካሁን ያችኑ ነው የምናስገባው። የሳቀው ሰው ስሙ የትም አልተጻፈም። ዘንድሮ ‹ተለማምጃለሁ፣ የኔ ይግባ› አለ፤ እሺ አልኩት።»

«የሳቀለት ማን ነው?» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው። «አትንገረኝ። ራሴ ልስማው።»

ድምፅ ቀጂውን ገመድ ሲጠቀልል አገኘችው። ሲያናግሩት ቀና አይልም።

«አንተስ ሲወድቅ ምን አደረግክ?»

«እንደነሱ ጠበቅኩ። መቅጃው እየሠራ ነበር።»

«ውስጥ ገብተህ ነበር?»

«ማይክሮፎን ላስተካክል። ሁልጊዜ እገባለሁ።»

«እኔ እኮ ያንተን ደረጃ ስወጣ ሁለት ጊዜ ሞቻለሁ» አለች ወገቧን ይዛ። «የተነሳሁት አለቃዬ ትዝ ብሎኝ ነው። ደረጃ ላይ ሞተች ከሚለኝ ሲኦል ይሻለኛል!»

ሳያስበው ሳቀ። አጭር ነበር፤ መጨረሻው ላይ ቅጭ ብሎ ተቆረጠ። ወዲያው አፉን በመዳፉ ከደነ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ሦስቱንም ጠራቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ወንበሮቹ አሁንም ወደ መስታወቱ እንደዞሩ ናቸው።

«የዛሬውን ቅጂ አሰማን።»

ቀጂው ቁልፉን ተጫነ። መጀመሪያ የሽማግሌው ማጉረምረም ተሰማ፤ ከዚያ ሳል፣ ከዚያ የሚያጣጥር ትንፋሽ። ልጅቷ ጆሮዋን ደፈነች። አካሉ ወለሉን መታ፤ ከዚያው ጋር ተጣብቆ ሳቁ ፈነዳ።

«አጥፋው» አለች መርማሪዋ። «ሦስታችሁም ጠበቅን ብላችሁኛል። እሷና ባለቤቱ ጠብቀዋል። መቅጃው ግን አልጠበቀም፤ ሰውየው መሬት ሲነካ ቆሟል። ያ ሁሉ ዝምታ የታለ?»

«በኋላ... ቆርጬው ነው።»

«መቼ? ከወደቀ ጀምሮ መሣሪያውን ማንም አልነካም አይደል የተባለው? እዚህ ቤት ከመጀመሪያው ሞት በኋላ መቅጃ የሚያቆም ሰው የለም። የሚያቆመው መነሳት እንደሌለ ያወቀ ብቻ ነው። ሳቁስ? ዛሬ ሊገባ የነበረው የሟቹ የራሱ ሳቅ ነው። የድሮውን አስቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ቆይቶ በራሱ እንዲጀምርና እየደጋገመ እንዲሰማ ከሞቱ ጫፍ ላይ የቀጠለው፣ ሽማግሌው እንደማይስቅ እርግጠኛ የነበረ ሰው ነው። እሷ ኩባያውን አቀረበች፤ ከሷ በኋላ ማይክሮፎን ላስተካክል ብለህ የገባኸው አንተ ነህ። የመሣሪያው ቁልፍም ካንተ ጣት አይወጣም። ለመሆኑ ያ ሳቅ የማን ነው?»

ባለቤቱ ወደ ቀጂው ዞረ።

«የኔ ነው» አለ ቀጂው። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ አለ። «ልጆች መንገድ ላይ ሲጫወቱ በኔ ሳቅ ነው የሚስቁት። አያውቁኝም፤ አይወቁኝ! ግን የኔ ነው። ድምፁንም ስሙንም እርስዎ ይውሰዱት፣ ሳቁን ብቻ ይተዉልኝ ብዬ ሽማግሌውን ለመንኩት። ‹አንተ ገመድህን ጠቅልል› አለኝ።»

ልጅቷ ዞራ አየችው። «እሱ ሲያሞላቅቀን አብረን ነበርን እኮ» አለችው ቀስ ብላ። «ያጎቴን ምሳ አብረኸው ስትበላ ነበር።»

ካቴናው ሲገባለት እጆቹን አስተካክሎ ሰጠ፤ ከፖሊሱ ጋር ወጣ።

ባለቤቱ ከወንበሩ ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ወደ ልጅቷ ጠጋ አለ።

«የኔ ልጅ፣ ጊዜው እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ያ ቅጂ... ፖሊስ ጨርሶ ሲመልስልን... እንዲህ ያለ ሞት ማንም ተውኖ አያውቅም። ጌሙ ውስጥ ብናስገባው ላጎትሽም መታሰቢያ ነው። አንቺ እሺ ካልሽ ብቻ። ምን ትያለሽ?»

«አንዴ ሞቱን አይቼ ‹ጎበዝ› ብዬዋለሁ፤ አይበቃም?» አለች ልጅቷ፣ ባዶውን ክፍል በመስታወቱ አሻግራ እያየች። ከዚያ ተነሳች፤ ወንበሩን ወደ ቦታው ገፋች፤ ቦርሳዋን አንጠለጠለችና በሩን ሳትዘጋ ወጥታ ሄደች።