አትንቀሳቀሺ፣ የኔ ቆንጆ

ይህን የምጽፍላችሁ በግራ እጄ ነው።

ቀኝ እጄ አልተሰበረም። ለምን በግራ እንደምጽፍ መጨረሻው ላይ ትደርሱበታላችሁ።

«አንድ ጓደኛዬ ነግሮኝ» የሚባል ታሪክ አይደለም። የደረሰው በራሴ ነው። የሌላ ሰው ታሪክ በሆነ ምንኛ ደስ ባለኝ...

ቀኑ እሑድ ነው፣ ጥቅምት መጀመሪያ ላይ። ሰዓቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ። ቦታው የካ አባዶ፣ ከኛ ኮንዶሚኒየም ጀርባ ያለው ሜዳ።

ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ወጥታለች፣ ወፎች ይንጫጫሉ። የሚያስፈራ ነገር ከነበረ እኔ ነበርኩ።

ስሜ ወንድወሰን ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ፋይል አገላብጣለሁ። እሑድ እሑድ ግን ነፍሳትን ፎቶ አነሳለሁ። ጥንዚዛ፣ ፌንጣ፣ ዝንብ፣ ጉንዳን... ከጥፍር የሚያንሱትን ሁሉ። ትንሹን በሚያጎላ ማክሮ ሌንስ ሲያዩዋት ዝንብ እንኳ ሙሽራ ናት።

የሥራውን ጠባይ ትንሽ ላስረዳችሁ፣ ያለሱ ቀሪው አይገባችሁም። እንዲህ ተጠግቼ ሳነሳ በአንድ ፎቶ ላይ ጥርት ብሎ የሚወጣው ከፀጉር የማይወፍር ስስ ክፍል ብቻ ነው። ዓይኗ ሲጠራ እግሯ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሌንሱን በትንሽ በትንሹ እያስጠጋሁ ሃምሳ ስልሳ ፎቶ አነሳና ኮምፒውተር ላይ አንድ ላይ እደርባቸዋለሁ። በመሃል ንቅንቅ ካለች ልፋቴ ሁሉ ገደል ገባ።

ማለዳ የምወጣው ለዚህ ነው። ጤዛ የመታት ጥንዚዛ ሰውነቷ እስኪሞቅ ድረስ አትበርም።

የማናግራቸውም ለዚህ ነው።

«አትንቀሳቀሺ፣ የኔ ቆንጆ... ቆይ... አንዴ ብቻ...»

ጓደኞቼ ይስቁብኛል። «ለሴት ያልተናገርከውን ለጥንዚዛ!» ይሉኛል። ምን ላድርግ፣ ትንሽ ነገር በአማርኛ አንቺ ነው የሚባለው።

የዚያን ቀን አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ አገኘሁ። ጀርባዋ ላይ የጤዛ ጠብታዎች ተደርድረዋል። ሣሩ ወገብ ይደርሳል። በደረቴ ተኛሁና ዓይኔን ካሜራው ላይ ለጠፍኩ።

ጥንዚዛዋ ከሣሩ ቀስ ብላ ወረደችና አንድ ቡናማ ነገር ላይ ቆመች። በሌንሱ ውስጥ ትልም ትልም ሆኖ ይታየኛል፣ የታረሰ ማሳ ይመስላል። እዚህም እዚያም ነቀዝ የበሳው ዓይነት ጥቃቅን ጥቁር ቀዳዳ አለበት። የዛፍ ሥር መሰለኝ። በዚያ ሌንስ የሚታየው የጥፍር ያህል ቦታ ብቻ ነው፣ ከዚያ ውጭ ያለውን አላይም።

ማንሳት ጀመርኩ።

አንድ... ሁለት... ሦስት...

አሥራ ሰባተኛው ላይ ሥሩ ተንቀሳቀሰ።

ነፋስ አልነበረም።

ተናደድኩ። ዓይኔን ከካሜራው ሳላነሳ በሹክሹክታ ተናገርኩ።

«አትንቀሳቀሺ፣ የኔ ቆንጆ... ትንሽ ታገሺኝ... መጣሁልሽ...»

ሥሩ ቀጥ አለ።

ከሣሩ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ። «እ...» የሚል። ስስ... ረጅም...

እዚህ ላይ «አልሰማሁም» ብላችሁ ማን ያውቅብኛል? ግን ሰምቻለሁ። ጆሮዬ ሰምቶ ልቤ «ላም ናት» አለ። ሃምሳ ሁለቱን ፎቶ እስክጨርስ ቀና አላልኩም።

ስጨርስም ያየሁት ስክሪኑን ነው። መሬቱን አላየሁም። ፎቶዎቹ ጥርት ብለው ወጥተዋል። ሱሪዬን አራገፍኩ፣ ከቦርሳዬ ከረሜላ አውጥቼ እየመጠጥኩ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቁርስ ሳልበላ ስለምወጣ ቦርሳዬ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ አለ። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ ፎቶዎቹን ደርቤ ጨረስኩ። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። የገረመኝ ነገር ቢኖር፣ ከአሥራ ስምንተኛው እስከ ሃምሳ ሁለተኛው ፎቶ ድረስ ያ የዛፍ ሥር የፀጉር ያህል እንኳ አለመነቃነቁ ነው። ጥንዚዛዋ አንቴናዋን አወዛውዛለች። ሥሩ ግን ትንፋሹን የዋጠ ይመስል ነበር...

ወዲያው ቻናሌ ላይ ለጠፍኩት። የቻናሌ ስም «ነፍሳት በቅርበት» ነው። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አራት መቶ ልብ ዘነበልኝ።

አንዱ «ጥንዚዛዋስ ተመችታኛለች፣ የቆመችበት ምንድነው ግን?» ብሎ ጠየቀ።

«የዛፍ ሥር» ብዬ መለስኩ።

ጥቂት ቆይቶ ስልኬ ተቆለፈ። ልከፍተው የቀኝ ሌባ ጣቴን ሳስጠጋ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን የአሻራ ምልክት አየሁ። ክብ ክብ መስመሮች...

ቀና ብዬ ላፕቶፑን አየሁ።

ክብ ክብ ትልሞች...

ፎቶውን አጎላሁት። ጠርዙ ላይ፣ ድብዝዝ ብሎ፣ የጥፍር ጫፍ አለ።

የዛፍ ሥር ጥፍር የለውም።

ሜዳው ከቤቴ አሥር ደቂቃ ነው። ብሮጥ አምስት።

አልሮጥኩም።

ምን አሰብኩ መሰላችሁ? መጀመሪያ «ሰካራም ተኝቶ ይሆናል» አልኩ። ቀጥዬ «ሬሳ ከሆነስ? ፖሊስ ‹አጠገብህ ሰው ወድቆ ፎቶ ታነሳለህ?› ቢለኝስ?» አልኩ። ከዚያ ደግሞ... ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል... ስንት ልብ እንደደረሰ አየሁ።

ስድስት መቶ አርባ።

በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ሃረገወይን ናቸው። ፊት ለፊቴ ካለው ቤት ከአንድ ልጃቸው ከሰምሃር ጋር ይኖራሉ። ሰምሃር ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሁሌም ቀድማ ሰላም የምትለኝ እሷ ናት።

«ወንዴ፣ ወደይ፣ ሰምሃርን አላየሃትም?» አሉኝ። «ወደይ» በትግርኛ ልጄ ማለት ነው፣ ከገባሁ ጀምሮ እንደዚያ ነው የሚጠሩኝ። «ጎህ ሳይቀድ ለቅዳሴ እንደወጣች አልተመለሰችም። ስልኳም እዚሁ ነው።»

«ምናልባት... ከጓደኞቿ ጋር...»

«ስኳር አለባት እኮ! መርፌዋን ተወግታ ነው የወጣችው። ልቁረብ ብላ እህል አልቀመሰችም።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «በሜዳው ታቋርጣለች። አንተ ጠዋት ጠዋት እዚያ አትጠፋም ብዬ ነው... አላየሃትም?»

ላፕቶፑ ከኋላዬ ክፍት ነበር።

ዓይኔን በጨው አጥቤ «አላየሁም፣ እትዬ» አልኳቸው።

ያየሁት ጣቷን ብቻ ስለሆነ ውሸት አይባልም ብዬ ራሴን ለማጽናናት የሞከርኩ ሰው ነኝ። እወቁኝ።

ደረጃውን ሲወርዱ ልጠራቸው አፌን ከፈትኩ።  በሩን ዘጋሁት።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ኡኡታው ተሰማ...

ያገኟት ከሜዳው ዳር ያለው ግንባታ ጥበቃ፣ ጋሽ አብዱልገኒ ናቸው። ሣር የሸፈነው ቦይ ውስጥ ወድቃ ነበር። ከላይ የምትታየው አንድ እጇ ብቻ ናት። ሆስፒታል ሳትደርስ መንገድ ላይ አረፈች።

ለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነርስ የሆነች ዘመዳቸው አጠገቤ ተቀምጣ ለሌላ ሰው ስታንሾካሹክ ሰማኋት።

«ስኳሯ ወርዶ ነው። ቀደም ብሎ የደረሰላት ሰው ቢኖር... አፏ ላይ ከረሜላ እንኳ ቢያደርግላት...»

ኪሴ ውስጥ የከረሜላ ወረቀት ነበር። ድንኳኑ ሙሉ ሰው ይሰማው ይመስል ጭብጥ አድርጌ ያዝኩት።

የመጀመሪያውን እንግዳ ነገር ያስተዋልኩት ያኔ ነው።

የያዝኩት የውሃ ብርጭቆ ላይ ዝንብ አርፋ ነበር። እጄን አወዛወዝኩባት። አልተነሳችም። ነካኋት። አልተነሳችም። ሞታለች ብዬ ብርጭቆውን አጠገቤ ላለው ሰው ሳቀብለው፣ ብር ብላ ሄደች...

በማግሥቱ ደረጃው ላይ የጉንዳን ሰልፍ አጋጠመኝ። ስጠጋ ሰልፉ ቆመ። ሁሉም። ፍርፋሪ የተሸከመችው እንደተሸከመች። አልፌ ዘወር ስል ጉዟቸውን ቀጠሉ።

ለዓመታት «አትንቀሳቀሺ» እያልኩ ስለምናቸው አንዷም ሰምታኝ አታውቅም ነበር።

በሠልስቱ እትዬ ሃረገወይን አስጠሩኝና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ቀኝ እጄን ያዙ።

«ወንዴ፣ ስለ ነፍሳት የምትጽፍበት ቻናል አለህ አሉኝ። ብዙ ምእመን ይከተልሃል አሉ።»

የሙታን ነፍስ መስሏቸዋል። «ጥንዚዛና ዝንብ ነው» ልላቸው አልቻልኩም።

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንድ ማስታወቂያ አውጣልኝ።» ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ልጄ ብቻዋን አልነበረችም...»

«እንዴት?»

«አብዱልገኒ ሊያነሷት ሲሉ ‹አያንሱኝ› አለቻቸው። ‹አትንቀሳቀሺ ብሎኛል... ታገሺኝ፣ መጣሁልሽ ብሎኛል... ይመጣል› አለቻቸው።»

እጄን አልለቀቁም።

«ጠዋቱን ሙሉ ሳትነቃነቅ ጠብቃዋለች። ያን ሰው ፈልግልኝ፣ ወደይ። እርዳታ ሊጠራ ሄዶ ሳይቀናው ቀርቶ ይሆናል። እግሩን ስሜ ልመርቀው።» እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። «የኔ ቆንጆ ብሏታል እኮ! ልጄ ደግ ቃል ሰምታ ነው የሞተችው።»

ሌባ ጣቴን ሳያውቁት ይደባብሳሉ።

«ስኳሯን ለመለካት ጠዋት ጠዋት ይህችን ጣቷን ነበር የምትወጋው። ተበሳስታ ነበር... ስትወጋው ማየት አልችልም ነበር።»

እነዚያ የነቀዝ ቀዳዳዎች...

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰው ሁሉ እያለ፣ እጄን እንደያዙ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ «እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ።

«እሺ፣ እትዬ» አልኩ።

ይኸው ነው ያልኩት።

ማስታወቂያውን አላወጣሁም። ፎቶውንም ያጠፋሁት በሦስተኛው ሳምንት ነው። ሁለት ሺህ ልብ ካለፈ በኋላ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፣ እኔ ግን ብቅል ወዳለበት ዝር ሳልል አርባዋ ወጣ። እትዬ ሃረገወይን ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ተገኘ?» ይሉኛል። «እየፈለግሁ ነው» እላቸዋለሁ።

ያለፈው እሑድ ቆረጥኩ። ልነግራቸው ነው። የመጣው ይምጣ።

በራቸው ፊት ቆምኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ነበር። ከውስጥ የመዝሙር ድምፅ ይሰማል። ለማንኳኳት ሌባ ጣቴን አጥፌ እጄን ዘረጋሁ...

ጣቴ በሩ ጋ ሳይደርስ ቆመ።

ጥፍሬ ላይ አንዲት አረንጓዴ ጥንዚዛ አለች። ጀርባዋ በጤዛ ርሷል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በተዘጋ ኮሪደር ውስጥ...

እጄን ልሰበስብ ሞከርኩ። እምቢ አለኝ። ከዚያ ከኋላዬ፣ ከአንገቴ ሥር፣ ሹክሹክታ ሰማሁ።

«አትንቀሳቀሺ፣ የኔ ቆንጆ...»

የሰምሃር ድምፅ አልነበረም።

የኔው ነው። የራሴ ድምፅ። አንቺ ይለኛል፣ ለትንሽ ነገር እንደሚባለው።

«ትንሽ ታገሺኝ... መጣሁልሽ...»

ዞሬ ማየት አልቻልኩም። አንገቴም፣ እግሬም፣ ምላሴም ቀጥ አሉ። ጎረቤት በአጠገቤ ሲያልፍ «ደህና አደርክ ወንዴ» ብሎኝ ወረደ። ጠበቅሁ። ማንን እንደምጠብቅ አላውቅም፣ ግን ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ...

እትዬ ሃረገወይን በሩን ሲከፍቱ አምስት ሰዓት ሊሆን ነበር። ጥንዚዛዋ የለችም።

«ወንዴ! ምነው? ሰውየው ተገኘ እንዴ?»

እግሬ ተፈታ። መልስ ሳልሰጣቸው ወደ ቤቴ ሮጬ ገባሁ። ያኔ እንኳ አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጄ እንደተዘረጋ ቀርቷል። ሐኪም አገላብጦ አይቶ ምንም የለበትም አለኝ። ስልኬ ግን በጣቴ አይከፈትም። አስጠጋዋለሁ... አሻራው አይታወቅም ይለኛል።

እትዬ ሃረገወይን፣ ይኸውልዎ ማስታወቂያው። የሚፈልጉት ሰው ተገኝቷል። በርዎ ፊት ለፊት ነው የሚኖረው። አደራዎን፣ አይመርቁት።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ስል ካሜራውን በግራ እጄ አነሳሁና ሌባ ጣቴን በሌንሱ አየሁት።

ትልሞቹን አውቃቸዋለሁ። ሃምሳ ሁለት ጊዜ አንስቻቸዋለሁ። ጥቁሮቹ ቀዳዳዎችም በየቦታቸው ናቸው።

አንዷ ቀዳዳ ግን ፎቶው ላይ የለችም። አዲስ ናት። አሁን፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ደም እያቀረረች ነው...