በጥምቀቱ ገንዳ የተኙት ቀዮች

ሙሉነህ ማለዳ ላይ አናቱ ተፈንክቶ፣ በአፍጢሙ ተደፍቶ የተገኘው ካምፓላ፣ ማኪንድዬ ኮረብታ ላይ ካለው ምግብ ቤቱ ጓሮ፣ ለጥምቀት በተባረከው የሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ነው። ፖሊስ ነገሩን ለመጨረስ አንድ ሮሌክስ፣ ያ በቂጣ የሚጠቀለለው እንቁላል፣ የሚበላበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልፈጀበትም። ማታ ከሟቹ ጋር የተጨቃጨቀውን ወጥ ሠሪ ኡዋይስን፣ «ገፍተህ አስጥመኸዋል» ብሎ ወሰደው።

ኦልድ ካምፓላ ክሊኒክ ላብራቶሪ የምትሠራው የኡዋይስ እህት ሲቲና በዚያው ጠዋት በቦዳ ሞተር ሳይክል ወደ ምግብ ቤቱ በረረች።

«እትዬ ሰላስ፣ ገንዳው ሙሉ ነበር?» አለች የሟቹን ሚስት።

«ከጥምቀት ጀምሮ!»

«አይተውታል?»

«ምን ነካሽ? የተባረከ ውሃ ክዳን እየከፈተ ማን ይጎረጉራል?»

ጎረቤቷ ለተጊዮርጊስም እንዲሁ ሳታይ ሙሉ ነበር ብላ ምላ ፈረመች። ውሃ ሻጩ ሰይፈ ብቻ ደረቱን ነፋ። ቧንቧ ከተቋረጠ ወር አልፎታል፤ ፀሐዩም የቦዳ ጎማ ሊያቀልጥ ምንም አልቀረው፤ ኮረብታው ሁሉ የሚጠጣው ሰይፈ ጎህ ሲቀድ በቦቴው ከሚያመጣው ውሃ ነው።

«እኔማ ከትናንት ወዲያ ማታ ከፍቼ አይቼዋለሁ። ጢም ብሎ ነበር» አለ።

ሲቲና ክንዷን እስከ ብብቷ ውሃው ውስጥ ነክራ ወለሉን በማንኪያ ፋቀች። በርበሬ የመሰለ ቀይ ቅርፊት ወጣ። ላብራቶሪዋ ወስዳ በማይክሮስኮፕ አየችው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ሦስቱንና ኢንስፔክተሩን ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበች።

«በዐይን የማይታዩ ፍጥረታት ናቸው» አለች። «ውሃ ሲኖር አረንጓዴ ናቸው፤ በሁለት ጭራ ይሽሎከለካሉ። በጋው ሲከር፣ ውሃው ሲሸሽ፣ ይሰማቸዋል። ጭራቸውን ይጥሉና ወፍራም ቀይ ካፖርት ደርበው ይተኛሉ።»

«በዚህ ሙቀት ካፖርት!» አለች ለተጊዮርጊስ።

«ካፖርቱን ለመልበስ ቀናት ይፈጅባቸዋል። ውሃ ሲያገኙ ደግሞ በሁለት ቀን ነቅተው ይዋኛሉ። እኔ የፋቅኋቸው ግን ሁሉም እንቅልፍ ላይ ናቸው። ገንዳው በስንጥቁ ቀስ በቀስ አንጠባጥቦ ለሳምንታት ደርቆ ነበር ማለት ነው። እናንተ ሳታዩ በእምነት ማላችሁ። አየሁ ያለ ግን ዋሸ።»

ሁሉም ወደ ሰይፈ ዞሩ።

«ደረቅ ገንዳ ውስጥ ሰው አይሰጥምም። አናታቸውን መትቶ የገደላቸው ሰው፣ የሰጠሙ ለማስመሰል ውሃ አስፈለገው። በአንድ ጎህ ገንዳ የሚሞላ ውሃ ያለው ማን ነው? ጋሽ ሙሉነህ የጀመሩት የውሃ ጉድጓድ ቢያልቅስ፣ ገበያው የሚደርቅበት ማን ነው?»

ሰይፈ አልካደም፤ የቦቴውን ቁልፍ በጣቱ ያሽከረክራል።

ኢንስፔክተሩ ተነፈሰ። «ቀይ አቧራ ብቻውን ፍርድ ቤት አይቆምም። ሦስታችሁም ሙሉ ነበር ብላችሁ ፈርማችኋል። ቃሉን የሚለውጥ አለ?»

ለተጊዮርጊስ መሬት መሬት ታያለች። ሲቲና የሰላስን እጅ ያዘች። «እትዬ፣ የሞቱት ባልዎ ናቸው። አላየሁም ይበሉ፣ ያ ብቻ ይበቃል። ወንድሜ ዕድሜ ልኩን ሊታሰር ነው።»

የሰላስ ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

ሰይፈ ከመቀመጫው ተነሣ። «ነገ ቦቴው ይምጣ ወይስ ይቅር፣ እትዬ?»

ወጥ ቤት ልጆቿ የባዶ የውሃ በርሜል ታች በጣሳ ሲፍቁ ይሰማል። ሰላስ እጇን ቀስ ብላ ከሲቲና መዳፍ አወጣች።

«ሁለት በርሜል» አለች።