ሰማያዊው ቆርኪ

አባቷ እጁን ቆርቆሮው ውስጥ ከቶ ቆየ። ከወትሮውም በላይ ቆየ። ቆርኪዎቹ እርስ በርስ ሲንኳኩ ይሰማል፤ አንዱን ያነሳል፣ መልሶ ይጥላል፣ ሌላውን ይፈልጋል።

«አባዬ፣ ሾርባ እያማሰልክ ነው እንዴ?» አለ ታላቅ ወንድሟ፤ በራሱ ቀልድም ራሱ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ጠረጴዛው ስር ጣቶቿን አቆላልፋ የአባቷን ፊት ትመለከታለች። ግንባሩ ቀስ እያለ ሲጨማደድ አየች። ዓይኗን አልነቀለችም።

ቅዳሜ ጠዋት በዚህ ቤት የእጣ ሰዓት ነው። አባቷ በአናጢነት ይሠራበት የነበረው የቤት ዕቃ መሥሪያ ከተዘጋ ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ አምስቱም የሚኖሩት እናቷ ከሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል በምታገኘው ደሞዝ ነው። መሃሉ የሳሳ አንሶላ ለሁለት ይቀደድና ዳርና ዳሩ መሃል ሆኖ ይሰፋል። የሳሙና ቁርጥራጭ ተጠራቅሞ ይቀልጥና እንደገና ሳሙና ይሆናል። የታላቅየው ሱሪ አጥሮ ለትንሹ ይደርሳል፤ ከትንሹ ሲተርፍ ደግሞ የወለል መወልወያ ነው። ያን ሰሞን አባቷ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ገቢያችን አንድ ነው፤ እጃችን ግን አሥር ነው» አለና አራት የለስላሳ ጠርሙስ ቆርኪዎችን በመዶሻ ጠፍጥፎ ቀለም ቀባቸው። ሰማያዊው ልብስ ማጠብ፣ ቀዩ ማዕድ ቤት፣ ቢጫው ውሃ መቅዳት፣ ነጩ ቤትና ደጅ መጥረግ ሆነ።

እናቷ ቆርቆሮውን ትይዛለች እንጂ እጣ አታወጣም። ስድስት ቀን ሙሉ የማታውቀውን ሰው አንሶላ ስታጥብ የምትውል ሴት ቅዳሜ ቤቷ ውስጥ ሳፋ አትነካም፤ ይህን ደንብ ያወጡት ልጆቹ ናቸው። መጀመሪያ አባትየው ያወጣል፣ ቀጥሎ ታላቅየው፣ ከዚያ እሷ። የተረፈችው ለትንሹ ናት። መለዋወጥ ክልክል ነው፤ ታላቅየው በአንድ ከረሜላ ትንሹን ሁለት ሳምንት ሳህን ስላሳጠበው።

ደንቡን ትወደው ነበር። ቤት ውስጥ «ጠበቃ» የሚሏት ስለማንኛውም ነገር ሽንጧን ገትራ ስለምትከራከር ነው፤ ስለዚህ ደንብ ግን ተከራክራ አታውቅም። የክፍሏ ልጆች ወንድሞቻቸው የበሉበትን ሳህን እንኳ እንደማያነሱ ሲያማርሩ፣ እሷ «የኛ ቤት እንደዛ አይደለም፤ አባዬም ጭምር እጣ ያወጣል» እያለች ትኮራባቸው ነበር።

ከዚያ ሰማያዊው ቆርኪ ይከታተላት ጀመር። ባለፉት አሥራ አንድ ቅዳሜዎች አምስቴ ለእሷ ወጣ። ለታላቅየው አራቴ፣ ለትንሹ ሁለቴ፤ ያኔም ትንሹ ከልብሱ ይልቅ ራሱን አጥቦ ነበር የተመለሰው። ለአባቷ አንድም ቀን ወጥቶ አያውቅም።

ችግሩ የትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ምርጫ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ መሆኑ ነው። ሁለት ቅዳሜ ሳሙና ውስጥ እጇን ነክራ አሳለፈችው። እጥበቱን ወደ እሁድ ላዛውረው ብላ አባቷን ለምናው ነበር፤ አልሆነም። ግቢውን የሚጋሩት አራት ቤተሰቦች ናቸው፤ ቧንቧውም ገመዱም አንድ ነው፤ የእነሱ የልብስ ማጠቢያ ተራ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነው። «እጣ እጣ ነው» አላት አባቷ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብሎም ተረት አስታቀፋት። ሐሙስ ዕለት አሰልጣኟ ጠርታ ስሟን አሳየቻት። የሌሎቹ በእስክሪብቶ ተጽፏል፤ የእሷ በእርሳስ ነው። በፊታችን ቅዳሜ ካልተገኘች ላጲስ እንደሚነካው ነገረቻት።

የዚያኑ ዕለት ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቆርቆሮውን ከመደርደሪያው አወረደች። የጠረጠረችው ወንድሟን ነበር፤ ከእሱ የማይጠረጠር ነገር የለምና። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ስትዳብስ በሰማያዊው ጠርዝ ላይ ትንሽ ስንጥቅ አገኘች፤ መዶሻ የሳተው ቦታ ነው። ዓይኗን ጨፍና ሞከረች። አሥር ጊዜ ሞክራ አሥሩንም ለየችው። ግን ወንድሟ እጁን ሰዶ እሳት እንደነካው ነው የሚመዝዘው። ቆርቆሮው ውስጥ የሚቆየው የአንድ ሰው እጅ ብቻ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የእንጨት ጠርዝ ሲዳብስ የኖረ እጅ።

አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከዚያ ተናደደች፤ ንዴቱ ከለቅሶው ይሻል ነበር። የአባቷን ደቃቅ ሞረድ ከሳጥኑ አወጣችና የሰማያዊውን ጠርዝ እስኪለሰልስ ሞረደችው። በሦስቱ ላይ ደግሞ ልክ ያንኑ የመሰለ ስንጥቅ አበጀችባቸው። ለማይዳብስ ሰው አራቱም ያው ናቸው። የሚዳብስ ሰው ግን ሦስቱን ሸሽቶ ለስላሳዋን ያነሳል።

አባቷ እጁን አወጣ። መዳፉን ሲከፍት ሰማያዊው ነው።

«አባዬ ተበላ!» አለ ታላቅየው። ትንሹ አጨበጨበ።

አባቷ ግን ቀለሙን አላየም። ቆርኪውን በአውራ ጣቱ እያዞረ ጠርዙን ይዳብሳል። «እነዚህን ቆርኪዎች ማነው የነካካቸው?» አለ።

ሁለት ቀን ሙሉ የምትናገረውን ስታዘጋጅ ነበር። መግቢያ ነበረው፣ ማስረጃ ነበረው፣ መደምደሚያም ነበረው። ሁሉም ጠፋባትና አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቀረላት።

«እንደተነካኩ በምን አወቅክ?»

አባቷ ክው አለ። ታላቅየው ሳቁን ግማሽ ላይ ተወው። እናቷ ሦስቱን ቆርኪዎች ከቆርቆሮው አውጥታ በረኪና በላጠው አውራ ጣቷ አንድ በአንድ ዳሰሰቻቸው፤ ከዚያም እጇን ዘርግታ አራተኛውን ከባሏ ተቀበለች። ገባት።

«እኔ ነኝ የሞረድኳቸው» አለች ልጅቷ። «ያልዳበሰ ሰው አይያዝም ነበር።»

«ዓይንሽን በጨው አጥበሽ፣ ለአባትሽ ወጥመድ ታጠምጃለሽ?» አለ አባቷ።

«ሃምሳ ሎሚ ስትለን የነበርከው አንተ ነህ፤ ሎሚውን ሁሉ እኔ ላይ ጭነህ። እሁድ ላድርገው ስልህ እጣ እጣ ነው አልከኝ። ዓይኔን እያየህ ነው ያልከኝ፣ አባዬ።»

አባቷ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው አልመጣለትም። ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደግፎ በመስኮቱ በኩል ወደ ግቢው አየ። እዚያ በጎረቤት በረንዳ ላይ፣ ሰዓት ሰሪው ሽማግሌ ከሁለት ጓደኞቻቸው ጋር ዳማ ዘርግተው ተቀምጠዋል፤ ቅዳሜ ከዚያ በረንዳ የሚያነሳቸው ዝናብ ብቻ ነው።

«ምግብ ስሠራ በሩ ዝግ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ስጠርግም ደጅ ሰው ሳይወጣ ነው። ልብሱ ግን ... እዚያ መሃል ቆሜ፣ ሁሉም እያዩኝ። አንድ ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ሰው ነኝ። ይኼንንም ከምጨምርላቸው ብዬ ነው።»

እንደዚህ ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ለአፍታ ያንን ሞረድ ባላነሳሁት ብላ ተመኘች። ከዚያ በእርሳስ የተጻፈው ስሟ ትዝ አላት።

«አንተ እንዳታፍር እኔ ከቡድኑ ልውጣ?»

መልስ የሰጠችው እናቷ ናት፤ እሷም ለልጇ ሳይሆን ለባሏ ነው። «እኔ ስድስት ቀን የማላውቀውን ሰው ደምና ትውከት አጥባለሁ» አለች ድምፅዋን ሳታነሳ። «አንድም ቀን አፍሬ አላውቅም። ማፈር ነበረብኝ?»

ትንሹ ወንበሩን ማወዛወዝ አቆመ።

እናቷ ቆርቆሮውን ደፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። እጣ ማብቃቱን፣ ከዛሬ ጀምሮ ሥራው በተራ እንደሚሆን፣ ተራውም ከአባትየው እንደሚጀምር ተናገረች። ሰማያዊውን ለእሱ መለሰችለት፤ ቀዩን ለታላቅየው፣ ቢጫውን ለልጅቷ፣ ነጩን ለትንሹ ሰጠች። «አንቺም ጠበቃ፣ እውነት ይዣለሁ ብለሽ አታመልጪም» አለቻት። «ሳምንቱን ሙሉ ድስት ማጠብ ያንቺ ነው።»

«ይግባኝ የለም» አለ ታላቅየው በደስታ።

ይግባኝ አልጠየቀችም። ፍርዱ ትክክል ነበር። ውሃ መቅዳቱም እስከ ከሰዓት ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ደግሞ ሁለት ተኩል አልፏል።

ስኒከሯን አጠለቀች። የግራው ሶል ተገንጥሎ ነበርና አባቷ ባለፈው ወር በማስቲሽ አጣብቆ ዙሪያውን በወፍራም ክር ሰፍቶላታል፤ ክሩ አሁንም አልላላም። ቦርሳዋን አንግታ ስትወጣ አባቷ ቧንቧው ሥር አጎንብሶ አገኘችው። እጅጌውን እስከ ክርኑ ጠቅልሎ አንሶላ ይፈትጋል። ጀርባውን ለበረንዳው ሰጥቷል፤ በረንዳው ግን ጀርባውንም ያውቀዋል።

«አንተ አናጢ!» አሉ ሰዓት ሰሪው፣ ዳማቸውን አቁመው። «ምነው፣ ሴት ጠፋ እንዴ ቤታችሁ?»

ሁለቱ ጓደኞቻቸው ተንከተከቱ። አባቷ መፈተጉን አቆመ። ቀና ሲል ከልጁ ጋር ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ቦርሳዋን መሬት ብታስቀምጥ ሳፋውን ያለ አንዳች ቃል እንደሚለቅላት አወቀች። ሦስት እርምጃ ብቻ ነበር።

አሳዘናት። ማዘኗ ደግሞ አናደዳት። አምስት ቅዳሜ እዚሁ ቧንቧ ሥር ስታጎነብስ ከዚያ በረንዳ የተጠየቀ ጥያቄ አልነበረም። ለሽማግሌው የሚሆን መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ጨዋ መልስ፣ ግን ዳማቸውን የሚያስረሳ። ዋጠችው። አሁን ስለ እሱ ብትመልስ አባቷ እንደገና ከእሷ ጀርባ ይቆማል፤ እሷ ደግሞ ለዛሬ ጠበቃ መሆን አልፈለገችም።

ወደ ቤት ተመልሳ ገባች። አባቷ በዓይኑ ተከተላት። ስትወጣ የልብስ መቆንጠጫውን ከረጢት ይዛ ነበር፤ ረስቶት ነው የወጣው። አጠገቡ ሄዳ አንገቱ ላይ አንጠለጠለችለት፤ ማስጫው ላይ ሁለቱም እጅ ነፃ መሆን አለበት።

«አንሶላውን በዳር በኩል አስጣው» አለችው፤ በረንዳው እንዲሰማም እንዳይሰማም አልተጨነቀችም። «መሃሉ ላይ ገመዱ ላልቷል፤ ከባድ ነገር መሬት ያስነካል። ካልሲዎቹን ጥንድ ጥንዱን በአንድ መቆንጠጫ ያዛቸው፤ አለዚያ አይበቃህም።»

«እሺ» አለ አባቷ።

ወደ ግቢው በር መራመድ ጀመረች። እርምጃዋን አላዘገየችም፤ ጆሮዋ ግን ኋላ ቀርቷል። ቢመልስም ባይመልስም ምርጫው ቦታ እንደምትደርስ ለራሷ ነገረችው።

«ሴትማ ሞልታለች» ሲል ሰማችው። ድምፁ መጀመሪያ ላይ ሻከረ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ደገመው። «ሴትማ ሞልታለች፣ ጋሼ። ተራው ግን የኔ ነው።»

ከበረንዳው የመጣ ሳቅ የለም። አንድ ሰው አሳለ፤ ከዚያ የዳማ ጠጠር ቀጭ ሲል ተሰማ። እርጥብ አንሶላ ሲራገፍ ድምፁ ግቢውን ሞላው።

ዘወር አላለችም። የግቢውን በር ከፍታ ወጣች፤ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ልትዘጋው እጇን ሰደደች። መንገዱ ላይ ሰው ይመላለሳል፤ ዳቦ ይዘው የሚያልፉ፣ ታክሲ የሚጠብቁ፣ ከክፍሏ የምታውቃቸው ሁለት ልጆችም አሉ። በሩ ከተከፈተ ገመዱ ከነአባቷ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

እጇን መለሰች። በሩን እንደተከፈተ ትታ ሮጠች።